አያ ይመርን የገደለው «ሁሉን በአንድ»

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚርበተበተው» እንዳትሉኝ ነው። ውሻ እፈራለሁ። የውሻውንም ባለቤት እፈራለሁ። ባጃጅ ስሳፈር የሹፌሩን ትከሻ ጨምድጄ ስለምይዝ የቆቦ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ «መምህር፣ ትከሻዬን ይልቀቁኝና ልንዳው» ማለት ለምደዋል። አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼንም እፈራለሁ፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን በተለይ። እስከ ዛሬ አንድም ተማሪ ከክፍል አስወጥቼ አላውቅም። ሲብስብኝ እኔ ነኝ የምወጣው።

ይሄ ሁሉ ግን ትንንሽ ፍርሃት ነው። ትልቁ ሌላ ነው። እኔም ባለቤቴ ትርንጎም የጎጃም ሰዎች ነን፤ በምደባ መጥተን ቆቦ ላይ ቀረን። እዚህ አገር አጎት የለን፣ አክስት የለን፣ የአክስት ልጅ የለን። አንድ ቀን በዚያ የራያ ፀሐይ ድፍት ብዬ ብቀር ማን ያነሳኛል? ማን ይቆፍርልኛል? ትርንጎ ብቻዋን አካፋ ይዛ ስትቆፍር ይታየኛል፤ ደግሞ እየቆፈረች ትሳደባለች።

የዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ ቅሬ ነው። በሌላው አገር እድር የሚሉት እኛ ዘንድ ቅሬ ነው ስሙ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ሬሳ የሚሸከመው ቅሬው ነው። የኛ ሰፈር ቅሬ እስላም ክርስቲያን አይልም፤ መቃብሩ ለየብቻ ይሁን እንጂ አካፋው አንድ ነው። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ግን በቃ፣ አለቀለት። እሳት የሚሰጠው ጎረቤት አያገኝም፣ ሰላምታው አይመለስለትም፣ ሲሞት ደግሞ... አልጨርሰውም፤ ገና ሳስበው እግሬ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቆቦ ቤት እንደተከራየን ወዲያው ሄጄ «አስገቡኝ» አልኩ። እነሱም መምህር መሆኔን ሰምተው፣ የእጅ ጽሑፌንም አይተው በዚያው ዕለት ጸሐፊ አደረጉኝ። መዝገቡንና እስክሪብቶውን ይዤ ቤቴ ስገባ ለትርንጎ «ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝ» አልኳት። የቅሬ ጸሐፊ ሆኖ ሳይቀበር የቀረ ሰው ሰምቼ አላውቅማ።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ። ሱቅ ስላችሁ በርና መደርደሪያ ያለው እንዳይመስላችሁ። ትርንጎ እጇ የተባረከ ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ ትጠልፋለች። እኔ ፎቶ አንስቼ በስልክ እሸጣለሁ። አሠራራችን የተበጣጠሰ ነበር። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ያማረው ሰው ይደውላል፤ ስሙና ልኩ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ልብሱ ሲያልቅ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ዋጃ የሚሄደው ለዋጃ ሚኒባስ ረዳት፣ ወደ ሮቢት የሚሄደውም ለሮቢቱ ረዳት ይሰጣል፤ የቆቦውን እኔው ራሴ በባጃጅ አደርሳለሁ፣ የሹፌሩን ትከሻ ይዤ። ታዲያ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደብተሩ አለ። ደብተሩ ሲጠፋ ትርንጎ አለች። ትርንጎ የሰው ወገብ አንዴ ካየች አትረሳም፤ የኔ እንኳ ከሠርጋችን ወዲህ ስንት ጣት እንደጨመረ ሳልጠይቃት ትነግረኛለች።

የቅሬውም ጥሪ ለብቻው የራሱ መንገድ ነበረው። ሰው ሲሞት ለኔ ይነገረኛል፤ እኔ ለጡሩምባ ነፊው ለአያ ሰጠኝ እነግራለሁ፤ አያ ሰጠኝ ጡሩምባቸውን ይዘው በየመንደሩ ይዞራሉ። ጥርሳቸው አልቋል፣ ትንፋሻቸው ግን አላለቀም። እሳቸው ሲነፉ ማሽላ ውስጥ ያለ ከብት ሳይቀር ቀና ይላል።

እንዲህ ሆነን በሰላም ስንኖር ከደሴ አንድ ባለሙያ መጣ። በኢንተርኔት ለምንሸጥ ነጋዴዎች ሥልጠና ሊሰጥ ነው የመጣው። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ያቀፈ ሰውዬ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ስልኬን ተቀብሎ አገላብጦ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ቁርጥራጭ ነው» አለኝ። «ፎቶው አንድ ቦታ፣ ትዕዛዙ አንድ ቦታ፣ ማድረሱ አንድ ቦታ። ነገ ደንበኛ ሲበዛ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ምን እሆናለሁ?» አልኩ።

«ይበተናሉ።»

ይቺ ቃል ገደለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «ልበተና» ይል ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት ቤቴ ይዤው ሄድኩ። ቁጭ ብሎ አስረዳን። አንዳንዱ ነጋዴ የተለያየ ዕቃ ሰብስቦ ራሱ አያይዞ ይሠራል፤ አንዱ ካልተስማማው አንዱን ብቻ ነቅሎ ይቀይራል፤ ግን አያያዡን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ሌላው ደግሞ «ሁሉን በአንድ» ይወስዳል፤ ፎቶውም፣ ትዕዛዙም፣ መልእክቱም አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ።

«ቁልፉ የጠፋ ዕለትስ?» አለች ትርንጎ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«አይጠፋም እትዬ።»

«በሩ እኛ ላይ የተዘጋ ዕለትስ?»

ባለሙያው ሳቀ። እኔም ከሱ ጋር ሳቅሁ፤ ኋላ ቀር መባልን ደግሞ ከውሻ እኩል ነው የምፈራው።

ስልኬ ላይ «ሁሉን በአንድ» የሚሉትን ሲስተም ገጠመልን። በመጀመሪያ በስልኬ ውስጥ ያለውን የሰው ስም ሁሉ እንዳለ ወደ ሲስተሙ ገለበጠው። «በስልክዎ ያለ ሁሉ ደንበኛ ነው» አለ። ርዕሰ መምህሩ ገቡ፣ ሥጋ ሻጩ ገባ፣ የተማሪ ወላጆች ገቡ፣ የቅሬው አባላት አንድ ሳይቀሩ ገቡ። ቀጥሎ መልእክቶቹን አዘጋጀ። ትዕዛዝ ሲመዘገብ አንድ መልእክት አለ፤ ልብሱ መሰፋት ሲጀምር አንድ፤ ሲጠናቀቅ አንድ፤ ሲመለስ አንድ። በሁሉም ግርጌ «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ ደግመው ይዘዙን» የሚል ራሱ ይጨምርበታል። ሦስቱን ጻፈልኝ። «ሲጠናቀቅ» የሚለው ላይ ሲደርስ የደሴው መኪና ሊወጣ ነው ተብሎ ተደወለለት። «ይቺን እርስዎ እንደወደዱ ይሙሏት» ብሎኝ ሮጠ።

ባዶ ቦታ አልወድም። የአስተማሪ ጠባይ ነው። ማታም ጠዋትም ያቺን ባዶ ሣጥን አየኋት። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ምነው ባልመጣልኝ። ይሄ ነገር ለሕዝብ ሁሉ ባንዴ መልእክት የሚልክ ከሆነ የቅሬውን ጥሪ ለምን አይልክልኝም? አያ ሰጠኝ አርጅተዋል፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ አሳዘኑኝ። እናም በዚያች ባዶ ቦታ እንዲህ ብዬ በጥሩ አማርኛ ጻፍኩ፦ «የቅሬያችን አባል ______ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። መቆፈሪያና አካፋ ይዛችሁ ፈጥናችሁ በቤታቸው ድረሱ።» ስሙ የሚገባበትን ቦታ ሲስተሙ ራሱ አሳየኝ። «ለማን ይላክ?» ሲለኝ «ለሁሉም» አልኩት። እኔ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነበር፤ ሰው ሲሞት አውጥቼ ልልከው። ለካ ጥይት አጉርሼ ያቆምኩት ጠመንጃ ኖሯል።

ለቅሬው ዳኛ ለአያ ካሳውም ነገርኳቸው። ስልኬን ከሩቅ አዩትና «እንግዲህ የሚሞት ሰው ሲገኝ ሞክረው» አሉኝ። አባላቱም ከእንግዲህ የሞት ጥሪ ከመምህሩ በስልክ እንደሚደርሳቸው ተነገራቸው። አያ ሰጠኝ ምንም አላሉኝም። ጡሩምባቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ያለ ሰው ያስፈራኛል።

በዚያው ሰሞን አያ ይመር ትዕዛዝ አመጡ። አያ ይመር ከቅሬያችን ትልልቅ ሰዎች አንዱ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ የማንም ቤት ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ፤ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ የሚያዩት በቀጥታ ዓይን ዓይንህን ነው። ልጃቸው ዘምዘም እሁድ ልትዳር ነው፤ ቀሚሷ ሐሙስ እንዲደርስ ፈለጉ።

«መምህር፣ ሐሙስ ማለት ሐሙስ ነው» አሉኝ።

«ሐሙስ ነው አያ» አልኩ፤ ሐሙስ ባይሆንም ሐሙስ ላደርገው ዝግጁ ነበርኩ።

ትርንጎ አንገቷ እስኪጣመም ጠልፋ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጨረሰች። እኔም ስልኬን አውጥቼ የአያ ይመርን ትዕዛዝ ከፈትኩና «ተጠናቋል» የምትለዋን በኩራት ተጫንኩ። አረንጓዴ ምልክት መጣ። ቀሚሱን በወረቀት ጠቅልዬ ወጣሁ። ስልኬ ላይ የደረሰኝ ነገር የለም። እንዴት ይድረሰኝ? የራሱን ቁጥር በራሱ ስልክ መዝግቦ የሚይዝ ሰው ማን ነው?

አስፋልቱ ዳር ብቆም ባዶ ባጃጅ ጠፋ። የሚያልፈው ሁሉ አካፋና ዶማ በያዘ ሰው ጢም ብሏል። በመጨረሻ አንዱ ቆመልኝ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩት።

«አልሰሙም እንዴ መምህር? አያ ይመር አረፉ እኮ።»

ክው አልኩ። ቀሚሱ ከእጄ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው። ሐዘኑ አንድ ነገር ነው፤ ፍርሃቱ ግን ቀድሞ ደረሰብኝ። እኔ የቅሬው ጸሐፊ ሆኜ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ? ምን ይሉኛል? ሁለት ዶማ መሃል ተሸጉጬ፣ በአንድ እጄ የሙሽራ ቀሚስ፣ በአንድ እጄ የሹፌሩን ትከሻ ይዤ እያለቀስኩ ሄድኩ። ሹፌሩም ያን ቀን ይልቀቁኝ አላለኝም።

ስንደርስ ግቢው ተቀውጧል። ለሠርጉ የተጣለው ዳስ ለለቅሶው ሆኗል፤ የቅሬው ድንኳንም ከጎኑ ተተክሏል። የአያ ይመር ባለቤት እትዬ ፋጡማ ቀሚሱን ከእጄ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አድርገው «ልብሷ መጣላት፣ አባቷ ሄደባት» ሲሉ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። እኔማ በአገሬ በጎጃም እንደምናለቅሰው ብድግ ብዬ እየዘለልኩ አለቀስኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «መምህሩ እንዲህ ይወዷቸው ኖሯል?» ስትል ሰማሁ፤ ይሄን ስሰማ የባሰ ዘለልኩ።

ሬሳው የታለ ብሎ የጠየቀ ሰው ሲገኝ ወሬው ብዙ ሆነ። አያ ይመር በማለዳ ለሠርጉ በሬ ሊገዙ ወደ ዋጃ ሄደዋል፤ ስልካቸው አይነሳም፤ መንገድ ላይ ነው የሞቱት ተባለ። እስላም ሲሞት ቀብሩ አይዘገይም፤ ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ሬሳውን ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄደዋል። በዚህ መሃል ዳኛው አያ ካሳው ጠሩኝ።

«ጸሐፊ፣ ማን ነው የነገረህ? ሬሳውን የሚያመጣው መኪና የት ደረሰ?»

«ለኔ ማንም አልነገረኝም አያ። እኔም አሁን ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?» አሉና ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

አነበብኩ። «መቆፈሪያና አካፋ ይዛችሁ» የምትል ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባች። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ የኔ ነው። ወረድ ስል ሌላ መስመር አለ። ሰው ሁሉ ሞት የሚለውን ሲያይ ማንበቡን አቁሞ ስለሮጠ እዚያ ድረስ የወረደ የለም። «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ ደግመው ይዘዙን» ይላል።

ጆሮዬን ጭው አደረገው። በዚያች ሰዓት ያየሁት አያ ይመርን አይደለም፣ እትዬ ፋጡማንም አይደለም። ያየሁት መዝገቡን ነው፤ ስሜ ላይ በቀይ የተሰመረበትን። ትርንጎን ከነአካፋዋ አየኋት። «መጣሁ አያ» ብዬ ከቤቱ ጀርባ፣ የማሽላ አገዳ ከተከመረበት ሄጄ ተሸጎጥኩ።

ለደሴው ባለሙያ ደወልኩለት። እየተርበተበትኩ ነገርኩት። ረጋ ብሎ ሰማኝና «እንግዲህ መምህር፣ ሲስተሙ በትክክል ነው የሠራው» አለኝ። «እንዲያውም ለዚያ ኔትወርክ ፈጥኗል።»

«ሰው ገድሏል እኮ!»

«ትዕዛዙን ወደ ኋላ ይመልሱት» ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ሲስተሙን ከፈትኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ገባሁ። አያ ይመር በአረንጓዴ ምልክት ተጠናቅቀው ተቀምጠዋል። ምርጫዎቹን አየሁ፤ «ተመዝግቧል»፣ «እየተሰፋ ነው»፣ «ተጠናቋል»፣ «ተመላሽ»። «አልሞቱም» የሚል የለም። በቁርጥራጩ ጊዜ ቢሆን ደብተሩ ላይ ሰርዤ፣ አያ ሰጠኝን «ኧረ ይመለሱ» ብዬ ጮኼ እጨርሰው ነበር። አሁን ግን ቀሚሱም፣ ደንበኛውም፣ ሞቱም አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ «ተመላሽ» የሚለውን ተጫንኩ፤ ይሄኛው ደግሞ «ተጠናቋል» ለደረሰው ሁሉ የሚሄድ ኖሯል።

ከዳሱ ውስጥ የስልክ ድምፅ ተንጫጫ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦ «የአያ ይመር ትዕዛዝ ተመላሽ ሆኗል። ጉድለት ከተገኘበት በሦስት ቀን ውስጥ በሌላ እንተካለን። ስለመረጡን...» እዚያ ላይ አቆመ። ሁለት መቶ ዓይን ወደ አገዳው ክምር ዞረ፤ ሁለት መቶ ላይሆን ይችላል፤ ለኔ ግን ከዚያም በላይ ነበር።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ ስወጣ አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። ከላይ በሬ ጭኗል። ከጋቢናው አያ ይመር ጎንበስ ብለው ወረዱ።

ሕዝቡን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ዶማ የያዘውን ሰው አዩ። ጥምጣማቸው ወደቀ። «ማን ነው? ያ አላህ፣ ማን ነው የሞተብኝ? ዘምዘም ናት?» ብለው እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጡ። አንዳንዱ ወደ ኋላው ሸሸ፤ አንዱማ አጥር ዘሎ ሲሄድ አይቼዋለሁ። እኔ ግን አልሸሸሁም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው ሲያለቅሱ ሳይ አላስቻለኝም።

«አያ ይመር» አልኩ፣ «የሞቱት አንቱ ነዎት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ?»

«አዎ አያ።»

«መቼ?»

«ዛሬ። ረፋድ ላይ።»

«ማን ነው ያለ?»

«እኔ ነኝ።»

ዘምዘም ከጓዳ ወጥታ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ደጋግመው፣ ራሷን እየዳሰሱ። ልጃቸው በሕይወት መኖሯን ሲያረጋግጡ የራሳቸው መሞት ብዙም አልከበዳቸው። ትንሽ ቆይተው ግን ተነሱና አቧራቸውን አራገፉ። «ቆፋሪዎቹ የታሉ?» አሉ። መቃብሩ ዘንድ ናቸው ተባሉ። «ልየው» ብለው ሄዱ። ማንም ሊያስቀራቸው አልደፈረም። አይተው ሲመለሱ እኔን በጣታቸው ጠርተው «ያስቆፈርከውን ሄደህ ድፈን» አሉኝ። ብቻዬን ደፈንኩት። አካፋው ሲከብደኝ፣ ላቤ ሲወርድ፣ ይሄ ጉድጓድ ቆፋሪ ያለው ሰው ጉድጓድ ነው፣ የኔን ግን ማን ይቆፍራል ብዬ አለቀስኩ። ያኛው ለቅሶ እውነተኛ ነበር።

«ይሄን ነገር ተሸክመን ሠርግ አንበላም» ተባለና ቅዳሜ ጠዋት ቅሬው ተሰበሰበ። የቅሬው ሕግ አጭር ነው። በሐሰት የሞት ጥሪ የጠራ ይሰረዛል። እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ እስከዚያ ቀን በማንም ላይ አልተፈጸመም። ከትርንጎ ተሰናብቼ ነው የሄድኩት። «ለምናቸው፤ እግራቸው ላይ ወድቀህም ቢሆን ሳትሰረዝ ተመለስ» አለችኝ። ስድብ እንኳ አልጨመረችም።

በመጀመሪያ የተናገሩት አያ ሰጠኝ ናቸው። ጡሩምባቸውን በሎሚ ወልውለው መጥተዋል። «ይቺ ጡሩምባ ከአባቴ ጀምሮ ስትነፋ በሕይወት ያለ ሰው ገድላ አታውቅም» አሉና ተቀመጡ። ቀጥለው አያ ይመር ተነሱ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«እኔ የምለው አለኝ» አሉ። «መቃብሬን አይቼዋለሁ። ወላሂ አፈርኩ። እኔን የሚያህል ሰው የተቆፈረልኝ የአጭር ሰው ጉድጓድ ነው። እግሬን አጥፋችሁ ልትከቱኝ ነበር? ጥልቀቱስ? ጅብ እንኳ ሳይደክም ያወጣኛል።»

ቆፋሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። «ገና አልጨረስነውም ነበር አያ» አለ አንዱ በቀጭን ድምፅ።

«ድንኳኑም ቀዳዳ ነው» አሉ አያ ይመር፣ «የሞትኩት በበጋ ሆኖ ነው።» ከዚያ ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን ዘግይቶ፣ ማን ፀጉሩን አበጥሮ እንደመጣ አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ ዘምዘም ነግራቸዋለች። ሕዝቡ ሁሉ ተሳቀቀ። እኔ የተረሳሁ መስሎኝ ትንሽ ተንፈስ ማለት ጀምሬ ነበር።

«ሕጉ ግን ሕግ ነው» አሉ አያ ካሳው። «ጸሐፊ፣ መዝገቡን አውጣና ስምህን ሰርዝ።»

ጸሐፊው እኔ ነኛ። ራሴን የምሰርዘውም እኔው ነኝ። መዝገቡን ከፈትኩ። ቀይ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አየሁ፤ የለሁም። ሁለተኛውን፤ የለሁም። ሁሉንም በራሴ ጽሑፍ የገለበጥኩት መዝገብ ነው፤ የሞተውን አስወጥቻለሁ፣ አዲስ የመጣውን አስገብቻለሁ፣ ከመጨረሻው ገጽ እስከ መጀመሪያው ተመልሼ አየሁ። የለሁም። ስልኬን አውጥቼ ሲስተሙን ከፈትኩ። ሥጋ ሻጩ አለ፣ ርዕሰ መምህሩ አሉ። እኔ የለሁም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስክሪብቶውን የያዘው እኔ ስለሆንኩ ሁሉን ስጽፍ ራሴን አልጻፍኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንኳን ተክያለሁ፣ ሬሳ ተሸክሜያለሁ፣ ሌሊት እፎይ ብዬ ተኝቻለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግን ብሞት የሚቀብረኝ አልነበረም። የፈራሁት ነገር ሊመጣ ነው ብዬ ስንቀጠቀጥ ለካ ከመጣ ቆይቷል። መደበቅ እችል ነበር፤ ግን ከዚህ በላይ የምፈራው ነገር አልቀረኝም።

«የለሁም» አልኩ።

«ምን?» አሉ አያ ካሳው።

«ስሜ የለም። መዝገቡም ላይ፣ ስልኩም ላይ። ጽፌው አላውቅም።»

አያ ካሳው መዝገቡን ተቀብለው ራሳቸው አገላበጡት። «የሌለ ሰው እንዴት ይሰረዛል?» አሉ በመጨረሻ። ነገሩ ክርክር ሆነ። አንዱ «አስገቡትና አስወጡት» አለ። ሌላው «ከገባ በኋላ ካልበደለ በምን ይወጣል? ጥፋቱ የተሠራው ሳይገባ ነው» አለ። እኔ መሃል ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ቆሜያለሁ።

አያ ይመር ተነስተው ወደኔ መጡ። ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ከእጄ ወስደው ለአያ ካሳው ሰጡና በምትኩ ሰማያዊውን ተቀበሉ።

«ገድሎኝማ ሳይቀብረኝ የትም አይሄድም» አሉ። «የአባትህ ስም ማን ነው?»

ነገርኳቸው። ከራሳቸው ስም ሥር፣ ፊደል እየለቀሙ፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ይዘው ጻፉኝ። ቅጣትም አልቀረልኝ። ጥሪው ወደ ጡሩምባው ተመለሰ፤ እኔም ሰው በሞተ ቁጥር ከአያ ሰጠኝ ጋር በየመንደሩ እንድዞር ተፈረደብኝ። በየደጁ ስንት ውሻ እንዳለ እነሱ ያውቃሉ። እሺ አልኩ። ልብሱንም ከዚያ ወዲህ በድሮው ቁርጥራጭ ነው የምንሸጠው።

ቤት ስደርስ ትርንጎ ደጃፉ ላይ ጥልፍ ይዛ ተቀምጣለች።

«ተባረርክ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«አልተባረርኩም። ዛሬ ገና ገባሁ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

መርፌዋ ቆመ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቀባሪ አልነበረንም?»

«አልነበረንም።»

እስከዚያ ቀን ትርንጎ ምንም ነገር የማትፈራ ሴት ትመስለኝ ነበር። «እኔኮ አንተ እዚያ አለህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልፈራሁት» አለች። ጥልፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የአባትህን ስም ጨምረው ነው የጻፉት?»

«ጨምረው ነው።»

«በእስክሪብቶ ነው በእርሳስ?»

«በእስክሪብቶ።»

«ሂድና መዝገቡን እንደገና እየው።»

ሄድኩ። አየሁት። አለ።